ማንበቢያ መቶ ብር

ልጄ ሰሚራ በስድስት ዓመቷ ሞታለች።

ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ስትጫወት ልቧ ድም ድም እያለ ያስቀምጣት ስለነበር፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ “የልብ ምት ማንሻ አምሳ፣ ማንበቢያ መቶ ብር” አለችኝ።

የያዝኩት ሰማንያ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም።

“አንሡልኝ ብቻ፤ እኔው አነበዋለሁ” አልኳት።

“ይቅርታ ዶክተር፣ አላወቅኩዎትም” ብላ የአምሳ ብር ደረሰኝ ቆረጠች። ወላሂ፣ የቀለደችብኝ ነበር የመሰለኝ። ለካ የምሯን ኖሯል።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የልብ ምቷ የተነሣበትን ወረቀት ዘረጋሁት። ከስሟና ከዕድሜዋ በቀር የሚነበብ ነገር የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ወጣ ገባ የሚል መስመር ብቻ ነው።

“አባ፣ ምን ይላል?” አለችኝ።

“ደህና ነሽ ይላል” አልኳት። ተመልሼ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ከቀብሯ በኋላ ያንኑ ወረቀትና መቶ ብር ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አየና ቀና አለ።

“ጥሩ ጊዜ ነው የመጣኸው፣ ወንድሜ። ይሄ በመድኃኒት ይስተካከላል፤ ዛሬውኑ ትጀምር። በል ልጅቱን አስገባት።”

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላት።