የእማማ ብርቄ አክታ

ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሱፐርቫይዘሬ ማይክሮስኮፑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ይህ አክታ ነው ወይስ ምራቅ?» አለችኝ። አላወቅኩም። ከአገር ቤት የያዝኩት ዲግሪ ምንም አልጠቀመኝም። «ምራቅ ከሆነ የሳንባውን ነገር አይነግርሽም። ጣዪውና ሌላ ናሙና አስመጪ» አለች። እኔም ሃያ አራት ዓመት ስጥል ኖርኩ። ቶሮንቶ ውስጥ እንደ እኔ ምራቅ የጣለ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ሥራችን እንዲህ ነው። አክታውን ባክቴሪያ የሚያሳድግ ምግብ ባለበት ትንሽ ሳህን ላይ በመስመር እንቀባለን። ባክቴሪያው ሲበቅል ከእሱ ወስደን ሌላ ሳህን እንቀባና አንቲባዮቲክ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድርበታለን። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይቀራል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከለመደው ግን ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል።

ባለፈው ክረምት አንድ የአበሻ ስም ያለበት ናሙና ሁለት ቀን ተከታትሎ መጣ። እውነተኛ ስማቸውን ትቼ እማማ ብርቄ ልበላቸው። ሁለቱም ምራቅ ነበር፤ ሁለቱንም ጣልኩ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ኮል አደረገች።

«የሳንባ ምች ነው፤ የምንሰጣቸው መድኃኒት አልሠራም። ኦክስጅኑን በየቀኑ እየጨመርን ነው። አስተርጓሚም አምጥተን ነበር፤ ምንም አልነገሩትም። ቋንቋቸውን የሚችል ሌላ ሰው እናንተ ጋ አለ?»

ደነገጥኩ። ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ፣ ማስክና ጋውን ለብሼ ወደ ክፍላቸው ወጣሁ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» ስላቸው እጄን ለቀም አደረጉ። «እሰይ የኔ ልጅ! ከየት ጣለሽ?» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምነው አክታ አልሰጥም አሉ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ምሳዋን የምትበላውን ታማሚ በዓይናቸው አሳዩኝ። «ሰው እህል እየበላ አክታ ልትፋ? ነውር አይደለም እንዴ! ነርሶቹ ደግሞ ዕቃ ይዘው ሲለምኑኝ አሳዘኑኝ። እንዳይከፋቸው ብዬ ምራቄን ሰጠኋቸው።»

«ለአስተርጓሚው አይነግሩትም ነበር?»

«ወንድ ነው እኮ! ስለ አክታዬ ለወንድ ላውራ?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለት ጊዜ የጣልኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ደውዬ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሴትዮዋ ምሳዋን እስክትጨርስ ጠበቅን። ነርሷ መጋረጃውን ዘግታ ወጣች። አፋቸውን በውሃ እንዲጉመጠመጡ አድርጌ ጀርባቸውን ደገፍኩ። «ከሥር ይሳሉ እማማ፤ ፊቴን አዙሬያለሁ። አይዞዎት» አልኳቸው። ሳሉ። ወፍራም፣ አረንጓዴ አክታ ወጣ። በአክታ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ ባክቴሪያው በቀለ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቹን ስመለከት፣ በሚወስዱት መድኃኒት ዙሪያ ባዶ ቦታ የለም። የሚቀጥለውም፣ ከሱ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ዙሪያቸው የጠራው ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። ለሐኪሙ ደወልኩ፤ የዚያኑ ቀን መድኃኒቱን ቀየረላቸው። ከሳምንት በኋላ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀመሩ።

ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ቦርሳቸውን ከፍተው ግማሹ ያለቀ የአሞክሳሲሊን እሽግ አወጡ። «ያን ቀን አንቺም ስታስዪ ሰምቼሻለሁ። እንቺ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ ነው። ሻል ሲለኝ አቆመውና ለጎረቤት አካፍላለሁ፤ ሲብስብኝ ደግሞ እጀምረዋለሁ።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምደው እኮ እንዲህ ነው። ሊገድልዎት የነበረውም እንዲህ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው» አልኳቸው።

እሽጉን አልጋው ላይ ጣል አደረጉት። «ጎረቤቴ አልማዝ አራስ ናት። እዚህ ከመግባቴ በፊት ከዚሁ ክኒን ሰጥቻታለሁ።»

ስልካቸውን አቀበልኳቸው። ሰማንያ የሞላቸው፣ ዌስተን ሰፈር ያለው የሚኖሩበት ሕንፃ ሰው ሁሉ ምከሩን የሚላቸው ሴት ናቸው። «አልማዝዬ፣ ያን ክኒን እንዳትውጪው። ሐኪም ይይሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

ለአዳዲስ ሠራተኞች የምነግረው ይህን ነው፦ የተበላሸ ናሙና ስትጥሉ ደውላችሁ ለምን እንደተበላሸ ጠይቁ። ለሌላው ሰው ደግሞ፦ የተረፈ መድኃኒት ወደ ፋርማሲ ይመለሳል እንጂ ለጎረቤት አይሰጥም።