የሚታጠፈው ፕሮፔለር

ልጄ በምትኖርበት በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንዝ ዳር የሸራ ጀልባዋን ከውኃ አስወጥታ ሞተሩ እያሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋበት ሁለት ዓይነት ፕሮፔለር አሳየችኝ። አንዱ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ ይኖራል። ሌላው ባለ ሁለት ክንፍ ሆኖ በሸራ ሲኬድ ይታጠፋል።

«አባዬ፣ ይሄ ሲታጠፍ ጀልባዋ ትፈጥናለች። ሰመር ላይ ቤቢዬን ይዘን ወደ ባሕሩ ልንወርድ ነው። የቱን ልግዛ?»

ወንዙ እዚህ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። ውኃው ሲገፋ የሚያድነው ሞተሩ ነው። የሚታጠፈውን አነሳሁት፤ ግራሶው ሲሸተኝ ልቤ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ሄደ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጣና ላይ በጋሽ ታደሰ ሞተር ጀልባ እሠራ ነበር። አንድ ቀን እሳቸውን ሳላማክር ቀለል ያለ ፕሮፔለር ገጠምኩ። ጀልባዋ በረረች፤ ለንግሥ ወደ ደሴት የሚሄዱት ሴቶች እልል አሉልኝ። ደሴቱ ጋ ስንደርስ ግን ነፋሱ ከኋላ ገፋን። ለማቆም ማርሹን ወደ ኋላ ባስገባው ፕሮፔለሩ ውኃውን አልይዝ አለ። ከዳርቻው ድንጋይ ጋር ተላተምን፤ የአንዲት እናት እጅ ተሰበረ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡኝም። «መሄዱንማ አየሁልህ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «መቆሙን ነው ያላየሁት።»

«አባዬ! ሰማኸኝ?»

«መቼ ነው ወደ ውኃ የምትመልሻት?»

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም በየተራ ገጥመሽ፣ ጀልባዋ ስትሄድ ሳይሆን ስትቆም አሳዪኝ።»

«ሁለቱንም ልግዛ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች።

እኔ ግራሶውን ከጣቴ እጠርግ ነበር። ያቺ እናት እጇ ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም።