ያልተነሳችው ጀልባ

ትናንት ጎረቤቴ የተሰነጠቀ የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ሲያስጠግን፣ የፋይበርግላስ ማጣበቂያው ሽታ በኮሪደሩ አልፎ ቤቴ ገባ። ጉሮሮ የሚከረክር፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። መስኮት ልከፍት ተነሳሁና ሳሎኑ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ከዓመታት በፊት፣ ጀልባውን በጠገነበት ሰመር፣ የአባቴ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። ዴንቨር ከገባ በኋላ ግን ባሕር የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ ቀን ሐኪሙ "ግላኮማ ነው፤ እይታህ ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ ዓመት ቢቆይልህ ነው" አለው። መንጃ ፈቃዱን መልሶ መጣ። አላለቀሰም። በወሩ ኮሜርስ ሲቲ ካለ አንድ መጋዘን ጓሮ አሮጌ የሸራ ጀልባ በትሬይለር አስጎትቶ አውሮራ ባለው ቤታችን በር ላይ አቆመ። ዓይኑ ሳይጠፋ አንዲት ቀን መሪ ጨብጦ፣ ሸራው በንፋስ ሲሞላ ማየት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ከታክሲ ሥራ ጀምሮ የማይለዩት ጓደኛው ባሕር ዳር ተወልደው ጣና ላይ ያደጉ ሰው ነበሩ። ጀልባዋን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር እንደ ክንፍ ወደ ታች የወረደው ከባድ ብረት፣ እስከ ደረቴ ይደርሳል።

"እዚያው መጋዘን ካታማራን ነበረልህ እኮ!" አሉት። "ሁለት ቀጫጭን ሆድ ጎን ለጎን፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ የሚንሳፈፍ። ምን ነካህ?"

"ካታማራን ከተገለበጠ ተገልብጦ ነው የሚቀረው። ይቺን ግን ንፋስ ቢጥላት ኪሏ መልሶ ያቆማታል።"

"እኛ በደንገል ታንኳ ነው ያደግነው። ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ውሃ ይበቃታል።"

"ጣና ሐይቅ ነው፤ እኔ ስለ ባሕር ነው የማወራህ።"

"አውሮራ ደግሞ መቼ ነው ባሕር የሆነችው?"

ይህ ክርክር በየቀኑ ነበር። አባቴ ከኢስት ኮልፋክስ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የለቀማቸውን የመርከበኞች መጽሔቶች እያወጣ ሥዕል ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እዚያው መጽሔት ውስጥ ካታማራኖቹ አሸዋው ድረስ ተጠግተው፣ ኪል ያላቸው ርቀው መልሕቅ ጥለው የሚታዩበትን ገጽ ይገልጡበታል። "ርቆ መቆም ምን ነውር አለው?" ይላል አባቴ። እናቴ ከውስጥ ሆና "ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ኑ ግቡና ብሉ!" ትላለች። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኤርፖርት ዊልቼር ስገፋ ውዬ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፤ ባቡሩ ገና አልተጀመረም። ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች አቧራ በአቧራ ሆነው፣ የማታዋ ፀሐይ በጀልባዋ ነጭ ጎን ላይ ተኝታ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሽው ሽው ሲል እሰማለሁ። አባቴን ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ጁን ሲገባ ጀልባዋ ተጠግና አልቃ ነበር። አውሮራ ጫፍ ያለው ግድብም እስከ አፉ ሞልቷል። አባቴ ግን ስለት ነበረበት። ጀልባዋን በገዛበት ዕለት "ፍልሰታን ጾሜ፣ በተፈታ ማግስት፣ ጠበል ተረጭታ ውሃ ትገባለች" ብሎ ለማርያም ተስሎ ነበር። ጓደኛው አሁኑኑ እናስገባት ቢሉት "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎ ዝም አሰኛቸው።

በጁላይ አጋማሽ ጀልባዋን ለማስገባት ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ግድቡ ቢሮ የደወልኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ያነሳው ሰው ጨዋ ነበር። ድርቅ ስለሆነ ውሃው በየሳምንቱ እንደሚወርድ፣ ረጅም ኪል ያላት ጀልባ ጁላይ ሳያልቅ ካልገባች የጀልባ ማስገቢያው የኮንክሪት ተዳፋት ላይ ተንሳፍፋ እንደማትነሳ አስረዳኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ለአባቴ አልነገርኩትም።

ለምን ብትለኝ፣ ስለቱን አፍርሶ ከእናቴ ጋር ሲጣላ ማየት አልፈለግኩም ማለት እችላለሁ። ለራሴም ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጁላይ መጨረሻ ቅዳሜ ከአንድ ልጅ ጋር ተራራ ልንወጣ ተቀጣጥረን ነበር፤ ከቤታችን ደግሞ ትሬይለር መጎተት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት አራት ሳምንት ምን ያመጣል አልኩ። ተራራውን ወጣን። ልጁም ቆይቶ ስልኬን ማንሳት ተወ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ቄሱ መጡ፣ ጸለዩ፣ ጠበሉን ረጩ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከባሕር ኃይል ጀምሮ ያስቀመጠውን ቀበቶ ታጥቆ ነበር። ትሬይለሩን ወደ ኋላ እየነዳሁ ማስገቢያውን ወረድኩ። የደረቀ ጭቃና የበሰበሰ ሣር ይሸታል፤ ውሃው በጁን ከነበረበት በጣም ርቋል። ኮንክሪቱ እስኪያልቅ ገባሁ፤ የተዋስኩት መኪና የኋላ ጎማ ሰጠመ። ጀልባዋ አልተነቃነቀችም። አባቴና ጓደኛው እስከ ብብታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ገፉ። ከዚያ የትሬይለሩ ጎማ ከኮንክሪቱ ጫፍ ላይ ወደ ጭቃው ወደቀ፤ የማስገቢያው ሠራተኛም እጁን አንስቶ "ኢናፍ!" ብሎ አስቆመን።

ከአጠገባችን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ትንሽ ካታማራናቸውን በአሸዋው ላይ ጎትተው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ጥቂት ተራምደው፣ ዘለው ወጡና ሄዱ። ሸራቸው ሲሞላ ጧ የሚል ድምፅ አሰማ። አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። የጣናው ሰው ያን ቀን አልቀለዱም።

አባቴ ከውሃው ሲወጣ "መቼ ነው እንዲህ የወረደው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

"ምን ታውቂያለሽ አንቺ፣ የኔ ልጅ" ብሎ እርጥብ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ግድቡ ሞላ። አባቴ ግን በዚያን ጊዜ ሳህኑ ላይ ያለውን ምግብ በጣቱ እየዳበሰ ነበር የሚበላው። ልውሰድህ አልኩት፤ "እኔ ማየት ነበር የፈለግኩት" አለኝ። ጀልባዋን አንድ ሰው ጎትቶ ወሰዳት።

አሁንም ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጓደኛው እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ባለፈው ሻይ ስቀዳላቸው አባቴ "ልክ ነበርክ፤ ካታማራኑን መግዛት ነበረብኝ። ባሕር አውቃለሁ ብዬ ታብዬ ራሴን ጎዳሁ" አላቸው። እሳቸው ቶሎ ብለው "ኧረ ተወኝ! ጀልባ ማለት ኪል ያላት ናት፤ የኔ ወሬ ነበር" አሉት። ያን ሁሉ ቀን የተከራከሩበትን ነገር ለእሱ ሲሉ ጣሉት። አባቴ ግን አልተቀበላቸውም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያኖርኩትን የጁላይ ስልክ ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስኳር ጨመርኩለት፤ ብርጭቆውንም እጁ ላይ አስያዝኩት።