ዜማው የት ይረፍ?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የልጅ ልጄ ሰብለ ዓሣ ልጋብዝህ ብላ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት ስትመጣ ጊታሯን እንደ ሕፃን አዝላ ነው። ያዘዝነው ቆሮሶ ዓሣ እስኪጠበስ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንድ የአምባሰል ዜማ ትደረድር ጀመር።

«አባባ፣ ይህን ስማኝ። ዜማውን ጫፉን አልነካውም። የምቀያይረው ከሥሩ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ኮርዱን ብቻ ነው» አለችኝ።

ያንኑ ዜማ መጀመሪያ የሠርግ አስመሰለችው። ቀጥላ ደግሞ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ግራ አጋባችው። በሦስተኛው እጇ ኤ ማይነር ወደሚባለው ኮርድ ሄደ። ዓሣውን ይዛ የመጣችው አስተናጋጅ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ፣ «እንዴ! አሁን ደግሞ ማንን ቀበራችሁ?» አለች።

ሰብለ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ያቺ ኮርድ ከአርባ ዓመት በፊት፣ በእኔው እጅ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ከፊቴ እንዲሄዱ አድርጋለች።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደሴ ስማር ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጊታር ለምጄ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመልሼ ነበር። የማውቃቸው ኮርዶች የእጄን ጣቶች ቢበልጡ በሁለት ነው። ነገር ግን በከተማችን ከእኔ ሌላ ጊታር የሚይዝ ስላልነበረ ጉድለትህ ይህ ነው የሚለኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አዋቂ አድርጌ ቆጠርሁ። የወረዳው ኪነት ቡድን ወዲያው ወሰደኝ። እውነቱን ለመናገር ቡድኑን የወደድሁት ለሙዚቃው ብቻ አይደለም። የኪነት ልጅ በመሆኔ ከውትድርና ምልመላ ተርፌ ነበር። እኩዮቼ ጠመንጃ ይዘው ወደ ሰሜን ሲሄዱ እኔ ጊታር ይዤ ቀረሁ።

በጥቅምት ውጫሌ ላይ ሦስት ቡድኖች ሊወዳደሩ ተባለና አስተባባሪያችን፣ የአገሩን ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ ማቅረብ አለብን አለ። ሰዎች እትዬ ብርቄን ጠቆሙኝ። እትዬ ብርቄ ከውጫሌ በላይ ወደ አምባሰል ተራራ ሲወጣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በየሠርጉ ድምፃቸው ካልተሰማ ሠርጉ ሠርግ አይባልም ነበር አሉ። አንድ ልጃቸው አለልኝ ከተመለመለ በኋላ ግን ሠርጉንም ዘፈኑንም ተዉትና አንዲት ዜማ ብቻ ቀረቻቸው። መንደሩ «የአለልኝ ዜማ» ይላታል። ከስንኞቿ አንዱ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ፦

በሩን አልዘጋሁም ክረምት ቢገባበት፣
መንገድ ላይ ያለ ሰው ሲደርስ እንዲያርፍበት።

መድረክ ላይ ይዝፈኑልን ብዬ ስለምናቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ውጫሌ መኪና መንገድ ነው። ከየአገሩ ሰው ያልፍበታል። ወሬዋ ልጄ ካለበት ትደርስ ይሆናል» አሉና እሺ አሉኝ። የአለልኝ ደብዳቤ መምጣት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዜማዋን በጆሮዬ ይዤ ሐይቅ ወረድሁና አንድ ሳምንት ሙሉ ውኃው ዳር ተቀምጬ ኮርድ ፈለግሁላት። አባቴ በእስጢፋኖስ ገዳም ዜማ የተማረ ሰው ነበር፤ «ዜማ ማለት ማረፊያው ነው፤ የት እንደሚያርፍ ካላወቅህ አላወቅኸውም» ይለኝ ነበር። የእትዬ ብርቄ ዜማ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በጊታሬ ወፍራም ክር ድምፅ ላይ ነው። ከዚያ ድምፅ የሚነሣውን ኮርድ ደስተኛውንም አዘንተኛውንም ሞከርሁ። ሁለቱም ጨው እንደበዛበት ወጥ ሆኑብኝ። በመጨረሻ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራትን ኤ ማይነርን ከሥሯ አስገባሁ። ድስትና ክዳኑ የተገናኙ ያህል ገጠመች። የገዛ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የምጽፈው ስለ ራሴ ነውና አልዋሽም፤ በዚያ ቀን ዓለም ላይ ከእኔ በላይ ሙዚቀኛ ያለ አልመሰለኝም።

ያኔ ያላወቅሁት፣ የአምባሰልና የአንዱ ዓይነት ትዝታ ድምፆች አንድ መሆናቸውን ነው። አምስቱም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ የትኛው ድምፅ ላይ ቤት እንደሚሠሩ ነው። እኔም ዜማውን ሳልነካ ቤቱን አዛውሬው ኖሯል።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ውጫሌ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ልምምድ ተቀመጥን። እትዬ ብርቄ ከተራራው በእግራቸው ወርደው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ዜማቸውን አነሡ። እኔም ኮርዴን ከሥር ለቀቅሁት። ከበሮ መቺው ዓይኑን ጠረገ። አስተባባሪያችን ከኋላ አውራ ጣቱን አወጣልኝ። እትዬ ብርቄ ግን ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ አቆሙ።

«ምን አደረግኸው?»

«ምንም አልነካሁትም፣ እትዬ። ዜማው ያው የእርስዎ ነው።»

«ያውማ አይደለም። እኔ እዚህ ልቀመጥ ስል አንተ እዚያ ወስደህ ታስቀምጠኛለህ።»

እኔ በሙያዬ የኮራሁ፣ ላስረዳቸው ፈለግሁ። «ችግሩ እኮ እትዬ፣ ድሮ ማረፊያው ልክ አልነበረም። ተንጠልጥሎ ነበር። አሁን አረፈ!» አልሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለእኔ የሙዚቃ ቃል ነበር፤ እሳቸው ጆሮ ሲደርስ የሞት ቃል ሆነ። ስለ አለልኝ ዜማ ነው አረፈ ያልሁት! የክፍሉ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እትዬ ብርቄ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ሰበሰቡና፣ «እሱ መንገድ ላይ ነው» ብለው ወጡ።

አስተባባሪያችን ተከትሎኝ በረንዳ ላይ ያዘኝ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋን ይዘህ ካልመጣህ ጊታሩን አስረክበህ ቤትህ ግባ» አለኝ። ቤትህ ግባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከኪነት የወጣ ጎረምሳ የሚጠብቀው የአለልኝ መንገድ ነው። እንዳላፍር ብዬ ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል፤ በማግሥቱ ማልጄ ወደ ተራራው ስወጣ ይቅርታውም ፍርሃቱም እኩል ነበሩብኝ።

መንገዱ ገና የክረምት ጭቃው ያልጠፋለት፣ ግራ ቀኙ ባቄላ የተዘራበት ነበር። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ጊታሩን እንዳይረጥብ ከጋቢዬ ሥር ሸጉጬው ስሄድ አንድ ገበሬ፣ «ምን ታቅፈህ ነው ልጄ፣ ሙክት ነው?» ብሎ ተሳለቀብኝ።

የእትዬ ብርቄ ቤት በር እንደ ዘፈኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ደጃፉ ላይ የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ገና ሳልናገር ከጎናቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝና እፍኝ እሸት ጭኔ ላይ አፈሰሱልኝ። ተቀምጬ መፈልፈል ጀመርሁ። በበሩ ወደ ውስጥ ሳይ መደቡ ላይ የታጠፈ ጋቢና አንድ ትራስ ይታያል። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ያጠፋሁት አፌ ነው፣ እትዬ። ስለ ልጅዎ ማለቴ አልነበረም» አልሁ።

«አብሽር፣ አፍህንስ ይቅር ብዬዋለሁ። ያቺን የትናንቷን ግን ድገማት፣ እስቲ።»

ኤ ማይነሩን መታሁና ዜማውን በአፌ አንጎራጎርሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መልካም ነገር ነው» አሉ። «ይሞቃል። ያባብላል። እኔንም ትናንት ሊያባብለኝ ነበር፤ ለዚያ ነው የተነሣሁት። አየህ ልጄ፣ ዘመዱ ሁሉ እርምሽን አውጪ፣ ልቅሶ ተቀመጪ፣ ተዝካሩን አውጪ እያለ መግቢያ አሳጥቶኛል። የቀረኝ ይቺ ዜማ ናት። አንተ በዚህ በትልቁ ክራርህ እሷንም ከእነሱ ጋር ልታደርግብኝ ነው? ይህማ ትዝታ ነው። ትዝታ ለሄደ ሰው ነው። እኔ ገና አጽናኑኝ አላልሁም።»

በእሸቱ ፋንታ ልጣጩን አላመጥሁ። ያን ጊዜ ነው ሳምንቱን ሙሉ ለራሴ እንባ ስለፋ እንደነበር የገባኝ። እሳቸው የሚጠብቁትን ሰው እኔ ላማረ ዜማ ብዬ ቀብሬላቸዋለሁ። ያውም በእኔ ቦታ የሄደ እኩያዬን።

ኮርድ ሲያንስ ሦስት ድምፅ ነው። ታችኛው መሬቱ ነው፣ ላይኛው ጣሪያው። ደስታውንም ኀዘኑንም የሚያመጣው መሐለኛው ነው። ብዙ ሳላስብ ወፍራሙን ክር ክፍት ተውሁና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ በአንድ ጣቴ ይዤ ሁለቱን አብሬ መታሁ። መሐለኛው የለም። ጣቶቼ ሌላ ሊጨምሩ ይበላቸዋል፤ ከለከልኋቸው። እትዬ ብርቄ እሸቱን አስቀመጡና በቀስታ ዜማቸውን ገቡበት። «ሲደርስ እንዲያርፍበት» ሲሉ ድምፃቸው ወርዶ ከወፍራሙ ክር ጋር አንድ ሆነ። ዜማው አልተደሰተም፣ አላዘነም። ይጠብቃል።

«እህ» አሉ። «እንዲህ ከሆነ እንውረድ።»

ከሰዓት በኋላ ውጫሌ ላይ ዘፈኑ፤ እኔም በሁለት ክር አጀብኋቸው። ያለቀሰ የለም፣ ያጨበጨበም ጥቂት ነው። ከዳኞቹ አንዱ ጊታሩ ባዶ ነው ብሎ ነጥብ ቀነሰብን። ሦስተኛ ወጣን፤ የተወዳደርነው ሦስት ነበርን። አስተባባሪያችን ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፣ ጊታሩን ግን አልቀማኝም። እትዬ ብርቄ ከመድረክ እንደወረዱ ወደ መናኸሪያው ሄደው፣ አውቶብስ ውስጥ ገብተው፣ ወደ ወልድያ የሚሄዱትን መንገደኞች አንድ በአንድ፣ «ሰምታችኋት ነበር?» እያሉ ሲጠይቁ አየኋቸው።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደሩም በየመንገዱ ወደ አገሩ ጎረፈ። እኔ ያኔ ሐይቅ አስተማሪ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ በትር የተደገፈ፣ የከሳ ረጅም ሰው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሳልሞት ያሳረፍኸኝ ሰውዬ አንተ ነህ?» አለኝ።

አለልኝ ነበር። ብዙ ዓመት ምርኮኛ ሆኖ ኖሯል። እናቱ በደረሰ በሳምንቱ ሁሉንም አጫውተውት፣ ሄደህ እየኝ በለው ብለውት ነው የመጣው። ዜማዋን ማንም መንገደኛ አላደረሰለትም፤ ስለ ውጫሌ የሰማው እቤቱ ገብቶ ነው። እሱ ይስቃል፣ እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ተማሪዎቼ ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ አልፈሩኝም።

እትዬ ብርቄ ከልጃቸው ጋር ብዙ ዘመን ኖሩ፣ ልጆቹንም አሳደጉ። ሲያርፉ ርቄ ስለነበር ለቀብራቸው አልደረስሁም። ለአርባቸው ወጣሁ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ አለልኝ ያቺው ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ከጎረቤት ልጅ የተዋሰውን አሮጌ ጊታር ይዞ መጣ።

«ያቺን የመጀመሪያዋን ታውቃታለህ አይደል፤ እሷ የከለከለችህን?»

«አውቃታለሁ።»

«በል አሁን እናቴን አሳርፍልኝ።»

ኤ ማይነሩን ያዝሁ። ያቺ በጉርምስናዬ የኮራሁባት ኮርድ ያን ቀን ነው ቦታዋን ያገኘችው። አለልኝ እያለቀሰ ተነሥቶ ሄዶ ያን ሁሌ ክፍት የኖረውን በር ገርበብ አደረገው።

ይህን ሁሉ ለሰብለ ሳወራላት ቆሮሶው ቀዝቅዞ ነበር። ጊታሯን ጭኗ ላይ አጋድማ ሰማችኝ። ከዚያ የመጣባትን ሳትናገር ማለፍ የማትችል ልጅ ናትና፣ «አባባ፣ ላንተስ የትኛውን ልምታ?» አለችኝ።

«ቀኔ ሲደርስ ኤ ማይነሩን ምቺ። ጣትሽን እንዳትቆጥቢ» አልኋት። «እስከዚያ ግን ሁለቱን ክር ብቻ።»

መሐለኛውን ድምፅ የያዘውን ጣቷን አነሣች። እኔም ዓሣዬን መብላት ጀመርሁ።