ከውጭ ትእዛዝ መቀበያ

ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ኩማ «ውጭ» የምትለዋን ቃል ከሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ካፉ አውጥቶ አያውቅም። ነገሩን የማያውቅ ይስቅበታል፤ የሚያውቅ ግን አይስቅም።

ሥራውን የተማረው ሚሲዮኖች ዘንድ ነው። ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲሄዱ አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ የመብራት ኃይልን መጥኖ የሚሰጥ ዕቃ፣ ትተውለት ነበርና፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማ መሃል ባለችው ሱቁ ጓዳ አስቀምጦ የመኪና ባትሪ ይሞላበት ጀመር። ጸሎት ቤታቸው በታሸገበት ዘመን የሚሲዮን ዕቃ መያዝ ብቻውን ለወሬ ይበቃል። ኩማን ያስጨነቀው ግን የአሲዱ ትነት ነበር። ጓዳ በገባ ቁጥር ሳል ያጣድፈዋል።

ዕቃው ከኋላው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉት። በእነሱ በኩል በቀጭን ሽቦ አንድ ቮልት ሲልኩለት ሦስት፣ አምስት ሲልኩለት አሥራ አምስት ቮልት ይሰጣል። ትንሹ ያዛል፣ ትልቁ ይታዘዛል። ኩማ አራት የባትሪ ድንጋይና አንድ ማዞሪያ ባንኮኒው ላይ ገጠመ፤ ሽቦውን በግድግዳው አሾልኮ ከጓዳው ዕቃ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲያ ሳሉ ተወው። እንዳይዘነጋ ደግሞ ከብሎኖቹ በላይ «ከውጭ ትእዛዝ መቀበያ» ብሎ በቀለም ጻፈ። ምነው ያኔ እጁን በሰበረው!

አንድ ጠዋት የአብዮት ጥበቃው ግዛቸው የቀበሌውን የድምፅ ማጉያ ባትሪ ሊወስድ ጓዳ ገባ። መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሱ ነበርና ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ያነባል።

«ከ... ው... ጭ... ትእ... ዛዝ...» አለ። ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ አየ። ባትሪውን ሳያነሣ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ኩማም ዕቃውም ከነሽቦውና ከነማዞሪያው ቀበሌ ነበሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ያቺን ሽቦ በእጁ ሊነካት የደፈረ አልነበረም። ኩማ በዚያ ሰሞን ከቀበሌው ወደ እስር ቤት ከተወሰዱት ጎረቤቶቹ የተመለሰ አላየም።

«ከየትኛው አገር ነው የምትታዘዘው?» አለው ሊቀመንበሩ ደምሴ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የማዘው እኔ ነኝ።»

«አንተንስ ማን ያዝዝሃል?»

ኩማ ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመልሰው «እግዚአብሔር» ብሎ ነበር። ዛሬ ፈራ። በመፍራቱም አፈረ።

በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ታቢታ አላስቻላትም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይስሙኝ! እሱ አፉን የፈታው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛው የትምህርት ቤት ነው። ውጭ ያለው ደጅ ማለቱ ነው! ከጓዳው ደጅ!»

ደምሴ ዕቃውን አስገጠመና ማዞሪያውን ራሱ አዞረ። የቮልቱ መርፌ ከፍ አለ። መለሰው፤ መርፌውም ተመለሰ።

«ዕቃህን ውሰድ» አለው። «ሽቦውና ማዞሪያው ግን እዚህ ይቀራሉ። ማዘዝ ካማረህ ጓዳ ገብተህ በእጅህ እዘዝ።»

ኩማ ጽሑፉን በምስማር ፍቆ አጠፋው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጓዳ እየገባ፣ አሲዱን እየማገ፣ ዕቃው ፊት ላይ ያለውን ማዞሪያ በእጁ አዞረ። ሳሉ ተመለሰ፤ ውሎ አድሮም ደም ቀላቀለ።

አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ታቢታ፣ «ዛሬ የሐይቁ ነፋስ ደስ ይላል፤ ትንሽ ውጭ ላውጣህ?» አለችው።

ኩማ በሩን አየ፤ መስኮቱንም አየ። ማንም አልነበረም።

«ደጅ በይ፣ ታቢታ» አላት በሹክሹክታ። «ደጅ በይ።»