ሆራሲዮና ሁለተኛው ቤዝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደሰ በቤዝቦል ስታዲየሙ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ክፍል ይዘውኝ ወረዱ። የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። «እዚህ ጨዋታ አታዪም፤ የምታዪው ቆሻሻውን ነው» አሉና አንድ ነጭ ሱሪ ዘረጉልኝ። ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ አፈር ጠጥቷል። መጀመሪያ በደረቁ በብሩሽ ይራገፋል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ማሽን የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሙቅ ውሃ ከቀደመ አፈሩ አይለቅም።

አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ መርፌውም ለእኔ ተሰጠ። ከከተማው ዳር ካለው ሰፈሬ ከሬክስዴል እየተመላለስኩ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ልብስ ሳጥብና ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

እንደ ሆራሲዮ ሱሪ የሚጨርስ አልነበረም። ከዶሚኒካን የመጣ ዝምተኛ ተጫዋች ነው። ደብል ምን እንደሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው፦ መቺው ኳሱን መትቶ፣ ተከላካዮቹ ሳይቀድሙት በዚያው ሩጫ ሁለተኛው ቤዝ፣ ማለትም ሜዳው ላይ በተራ ከተቀመጡት ትራስ መሰል ምልክቶች ሁለተኛው ጋ ከደረሰ ደብል ይባላል። ሆራሲዮ የሚደርሰው አፈሩ ላይ ተንሸራቶ ነበር። ይህ በሆነበት የውድድር ወቅት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ደብል የነበረው እሱ ነው። ግን ዕድሜው ገፍቷል፤ ኮንትራቱም ወቅቱ ሲያልቅ ያልቃል።

በጋው መሃል ላይ ሱሪውን ይዞ መጣ። «ጉልበቱ ላይ ከውስጥ ስፖንጅ ስፊልኝ» አለኝ። ጉልበቱ አብጧል።

«ሐኪሙ አይቶታል?»

«አይቶታል። እረፍ አለኝ።»

«አሠልጣኙስ?»

«እየመታሁለት ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ካረፍኩ ሌላው ይቀድመኛል። በደብል መሪ ሆኜ ካልጨረስኩ በዚህ ዕድሜ ማን ያስፈርመኛል?»

ጋሽ ታደሰን ዞሬ አየኋቸው። «ስፊለት» አሉኝ በአማርኛ። «እምቢ ብንለው በፕላስተር ጠቅልሎት ይገባል።» ሰፋሁለት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጨዋታውን በክፍላችን ትንሽ ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ሆራሲዮ የመታው ኳስ አጥሩን ገጭቶ ተመለሰ። ሮጦ ተንሸራተተ፤ እጁ ቤዙን ነካ። ዳኛው ደርሷል ሲል የሕዝቡ ጩኸት ጣሪያችንን አናወጠው። ሆራሲዮ ግን አልተነሣም። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሱሪው በፕላስቲክ ከረጢት መጣልን። ሐኪሞቹ በመቀስ ቀድደውታል። «ይሄ አይታጠብም» አሉ ጋሽ ታደሰ። ወዲያው የአሠልጣኙ ረዳት ኮል አድርጎ የተተኪውን ማሊያ አዘጋጁ አለን። ስሙን ጀርባው ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ሆራሲዮ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና ታክሞ ከሆስፒታል ሲወጣ በክራንች መጥቶ ጫማና ጓንቱን ለቀመ። ቁም ሣጥኑ ላይ የተሰቀለውን የተተኪውን ማሊያ በጣቱ ዳሰሰው።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ስፌት ነው» አለኝ። ቀጠለና «በደብል እስካሁን ማንም አልቀደመኝም» አለ።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የሌላ ቡድን ተጫዋች በደብል ቁጥር አለፈው። ያን ቀን ሆራሲዮ ወደ ክፍላችን ደወለ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያስፈረመው ቡድን የለም። ጉልበቱ ሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለትም አልታጠፈለትም። ወደ አገሩ ተመለሰ። አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ ደረጃ የሚወጣው እግሩን እየጎተተ ነው።

ከሥራዬ ያወቅኩት ይህን ነው፦ የታመመ ሰው ሥራውን እስከሠራ ድረስ የሚያስቆመው አለቃ አላየሁም።