ስብራቱ የመቼ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ራጅ አነባለሁ። ቀኑን ሙሉ ጨለም ባለች ክፍል ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች አጥንት አያለሁ። አዋቂ ሰው ሲሰበር እንዴት እንደተሰበረ ራሱ ይናገራል፤ እንዲያውም በቃኝ አይልም። አፍ ያልፈታ ልጅ ሲሰበር ግን ጥያቄው እኔ ዘንድ ይመጣል፦ «ዶክተር፣ ስብራቱ የመቼ ነው?» ይህን ስሰማ ገና በጠዋቱ ይደክመኛል። ጠያቂው ቀን ይጠይቅ እንጂ የሚፈልገው ጥፋተኛ እንደሆነ አውቃለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የልጅ አጥንት ይህን ተረት የሰማ አይመስለኝም። መጀመሪያ ስንጥቁ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀናት ሲያልፉ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል። ከዚያ ዙሪያውን ስስ አዲስ አጥንት ይለብሳል፣ ሳምንታት ሲሄዱ ያ አዲሱ አጥንት ይወፍርና ይጠነክራል፣ ወራት ሲያልፉ ደግሞ እየሳሳ ሄዶ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እኔ «ትኩስ ነው»፣ «ሰንበት ብሏል»፣ «ቆይቷል» ከማለት የዘለለ አቅም የለኝም። ማክሰኞ ነው ረቡዕ የሚለኝን ሰው ጠንቋይ ቤት ሂድ ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ አመጡልኝ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር በጀልባ ነበር የመጡት፤ ልብሳቸው እርጥብ ነው። ልጅቷን ያዘለቻት የእንጀራ እናቷ ነበረች፤ ራሷ ገና ልጅ እግር። አብረዋት አንዲት ፖሊስና የልጅቷ አጎት፣ የሟች እናቷ ወንድም፣ ገቡ። አጎትየው ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«ይኸውልዎ ዶክተር፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግናት እኛ ነን። አባቷ ሚስት አገባሁ ብሎ ወሰዳት። እነሱ ቤት ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ክንዷን ሰበረቻት! ወጌሻውም ዳስሶ ትኩስ ነው ብሏል።»

ሴትዮዋ መሬት መሬት እያየች፣ «ሳጥባት እብጠት አገኘሁባት። ወጌሻ ዘንድ ወሰድኋት፤ አሻት፤ ይብሱን አበጠ። ሌላ የማውቀው የለም» አለች።

ፖሊሷ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ስብራቱ የሁለቱ ሳምንት ከሆነ ሴትዮዋ ትታሰራለች፤ ልጅቷም ወደ አጎቷ ቤት ትመለሳለች። የእንጀራ እናት የሚለው ስም ብቻውን ግማሽ ፍርድ ነው። ሌላውን ግማሽ ከእኔ ፈልገው ነበር የመጡት። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም።

ሌላ ስብራት ካለ ብለን መላ አካሏን ራጅ አነሳናት። ሌላ የለም። ግራ ክንዷ ላይ ግን አዲሱ አጥንት ተቆልሎ ድንች አክሏል።

ወጌሻ አልሰድብም። ከእኔ በፊት የነበረ፣ ከእኔም በኋላ የሚኖር ሙያ ነው፤ ብዙ ወለምታ አቃንቷል። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት በቅቤ ሲታሽ ማረፊያ ያጣል። በታሸ ቁጥር አዲሱን አጥንት ያበዛል፤ ላዩ ላይ ያለው ሥጋም እንደገና ያብጣል። ስለዚህ እብጠቱን ያየ «ትኩስ ነው» ይላል፤ የቁልሉን ትልቅነት ብቻ ያየ ደግሞ «ስንት ጊዜው!» ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ትልቅነቱን ተውኩትና ጥንካሬውን አየሁ። ጠርዙ ተስተካክሏል፤ ንጣቱ ከነባሩ አጥንት እኩል ነው። በሁለት ሳምንት እዚህ አይደርስም፤ ማንም ቢያሸው።

ወጣሁና አጎትየውን ጠየቅሁት። «ከዚህ በፊት ወጌሻ ነክቷት ያውቃል? እናንተ ቤት ሳለች?»

 ጋቢውን ሳያስፈልገው አስተካከለ።

«ፋሲካ ሰሞን ከመደብ ወድቃ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ወለምታ ነው አለን ወጌሻው። አሽቶ አዳናት። ድናለች ብለን...»

«አልዳነችም» አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከረረ። ወደ ፖሊሷ ዞሬ ስብራቱ ከወር በላይ የቆየ መሆኑን፣ ልጅቷ እዚህች ሴት ቤት ሳትገባ በፊት የሆነ መሆኑን ነገርኳት። ፖሊሷ ራሷን ነቀነቀች። አጎትየው ግንቡን ተደግፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሳዘነኝ።

እኔም እፎይ አልኩ። ሴትዮዋ «ተመስገን» ብላ እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ ሄጄ መተኛት ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ አየችኝ።

«ታዲያ ያማት ነበር?»

«መቼ?»

«እኔ ቤት ስትገባ። ባነሳኋት ቁጥር ታለቅስ ነበር። ሳጥባት ታለቅሳለች፣ ሳዝላት ታለቅሳለች።»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። «አዎ፣ ያማት ነበር» አልኳት።

«እኔኮ ጠላችኝ ብየ» አለች። «እናቴ አይደለችም ብላ ነው ብየ። በዚሁ እጇ ጎትቼ ነበር የማነሳት።»

አንጀቴን በላችው።  ቀስ ብላ አንቀልባውን ፈታች፤ ልጅቷን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረቻትና በሁለት እጇ ከራሷ አርቃ፣ ለመንካትም ለመልቀቅም ፈርታ፣ ወደ እኔ ያዘቻት።

«ዶክተር፣ ያሳዩኝ እስቲ» አለችኝ። «እንዴት አድርጌ ልቀፋት?»